ከወረቀቱ ቀድመሽ ድረሺ

እንጅባራ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለማናለብሽ፣

ባለሽበት አገር ሁሉ የእግዚአብሔር ጥበቃ አይለይሽ፤ ብርዱም ይራራልሽ። እኔ አጎትሽ አየነው፣ እትዬሽ ወርቅነሽ፣ ላሟም ጥጃዋም፣ ዳማው ፈረሴም ደኅና ነን። የጎደለን ያንቺ ድምፅ ብቻ ነው።

ከፋሲካ ወዲህ አንዲት መስመር አልጻፍሽም። መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለችው ዘይቱና ገና ከሩቅ ስታየኝ ከፎቶኮፒ ማሽኗ ጀርባ ሆና ራሷን ትነቀንቃለች። «አልመጣም ጋሼ» ማለቷ ነው። እሷ ደብዳቤዎቻችንን በስልኳ እያነሣች ባታመላልስልን ኖሮ ጭራሽ ተረስተን ነበር። በስልክ እንዳላወራሽ ደግሞ «ሄሎ፣ ይሰማል?» ብለን ሳንጨርስ ኔትወርኩ ይበላናል። ደብዳቤ ይሻላል። ሰው ሲጽፍ ያስባል።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ባለፈው ሰንበት ማኅበር ላይ ተቀምጠን ሳለ የፈረሰኞች ማኅበራችን ሰብሳቢ ክንዴ «ማናለብሽ የት መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው?» አለኝ። «ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ አለቃ ናት» አልሁት። «የትኛው ሆስፒታል?» አለኝ። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው የገዛ እህቴን ልጅ መሥሪያ ቤት አላውቅም ብዬ ልናገር? ጠላዬን አነሣሁና ጠጣሁ። ስለዚህ የመሥሪያ ቤትሽን ስም ከነሙሉ አድራሻው፣ ከነጎዳናው፣ ከነቤት ቁጥሩ ላኪልኝ።

ሌላው፣ የፈረሰኞች በዓላችን ጥር 23 እየደረሰ ነው። የዳማው የኮርቻ ልብስ፣ ግላሱ፣ ፀሐይ በልቶት ቀለሙ ሄዷል። ከተመቸሽ አዲስ ጨርቅ ብትልኪልኝ ባለ ወርቅ ክሩን እዚህ አሰፋለሁ። ካልተመቸሽም ግድ የለም። እኔም ዘንድሮ ጉልበቴን ትንሽ ተሰምቶኛል፤ ምንም አይደል፣ ያልፋል።

አክባሪ አጎትሽ
አየነው


በርገን፣ ኖርዌይ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሽ አየነው፣

እርስዎንም እትዬ ወርቅነሽንም በያላችሁበት ጉልበት ስሜ እጅ ነሣሁ። ዕድሜ ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወር አልፎታል። ያቆየሁት ጊዜ አጥቼ አይደለም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀደድሁት። ዛሬ ሳልቀድ ልጨርሰው።

አጎቴ፣ መሥሪያ ቤት የለኝም። አለቃም አይደለሁ። የዛሬ አራት ዓመት በአረጋውያን መጦሪያ ልብስ አጣቢ ነበርሁ። በዚያው ጥር፣ በረዶ ከተጋገረበት የውጭ ደረጃ ላይ ወድቄ ዳሌዬና ወገቤ ተሰበረ። «ትንሽ ወለም አለኝ» ብዬ የጻፍሁልዎ ያንን ነው። ሦስት ጊዜ ቀደዱኝ። አሁን በሁለት ክራንች እሄዳለሁ። ብዙ ከቆምሁ ግራ እግሬ ይደነዝዛል፣ ብዙ ከተቀመጥሁ ወገቤ ይነድዳል። ሐኪሞች ሙሉ ሥራ መሥራት እንደማልችል ጽፈውልኝ መንግሥት በየወሩ የአካል ጉዳት ድጎማ ይሰጠኛል። ቤቴም ምግቤም ከዚያ ነው። ለእርስዎ የላክሁት ገንዘብም ከዚያው ነው።

ለምን ደበቅሽ ይሉኝ ይሆናል። አፈርሁ። «በጎልማሳነቷ ጡረታ ወጣች» እንዳይባል ፈራሁ። እርስዎም ትልቅ ሆስፒታል ባሉ ቁጥር ነገሩ እየከበደኝ ሄደ።

አሁን ደግሞ የሚያስደስት የሚያስፈራም ነገር ገጥሞኛል። ከቤቴ አለፍ ብሎ የፈረስ በረት አለ። መራመድ የማይችሉ ሕፃናትን ፈረስ ላይ እያስቀመጡ ሰውነታቸውን የሚያጠነክሩበት ነው። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ሳይ አንዲት ባልጩት የመሰለች ባዝራ ወደ እኔ መጣች። ሳላስበው በአገውኛ አናገርኋት። አፍንጫዋን አምጥታ ትከሻዬ ላይ አሳረፈችው። የበረቱ ባለቤት ኢንግሪድ ከውስጥ ሆና ታየን ኖሯል፤ መጥታ «ፈረስ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «አጎቴ ፈረሰኛ ነው፤ ያደግሁት ከፈረስ ጋር ነው» አልኋት።

ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት በርጩማ ላይ ተቀምጬ ፈረሶቹን አበጥራለሁ፣ ልጓምና ኮርቻ አዘጋጃለሁ፣ የሚፈሩትን ሕፃናት አጫውታለሁ። እስካሁን ለመሞከር ያህል ነው፣ ክፍያ የለውም። ኢንግሪድ ግን «ከገና በኋላ በቋሚነት ልቅጠርሽ፤ ሁለት ጠዋት ብቻ» ብላ ውሉን አዘጋጅታ እየጠበቀችኝ ነው።

ፍርሃቴ ይኸውልዎ። ሁለት ጠዋት አያኖረኝም። ከዚያ በላይ ደግሞ ይህ ሰውነት አይችልም፤ ሐሙስ ሠርቼ ዓርብን ተኝቼ ነው የምውለው። የድጎማው መሥሪያ ቤት «መሥራት ከቻልሽ ድጎማው ለምንሽ?» ብሎ ቢያቋርጥብኝ ቤቴን ማጣቴ ነው። እዚህ ያለ ያገር ሰው «አፍሽን ዝጊ» ብሎ መክሮኛል። አፌን ዘግቻለሁ። ውሉንም አልፈረምሁም። አልፈርምም ለማለትም አፌ እንቢ ብሎኛል፤ ምክንያቱም አጎቴ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ጠዋት ተነሥቼ የምሄድበት ቦታ ያገኘሁት አሁን ነው።

ሙሉ አድራሻ ስላሉኝ የበረቱንም የሚያኖረኝን መሥሪያ ቤትም አድራሻ ከሥር ጽፌልዎታለሁ። ለክንዴ የፈለጉትን ይንገሩት። የግላሱን ጨርቅ በሰው እልካለሁ።

ልጅዎ
ማናለብሽ


እንጅባራ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማናለብሽ፣

የሰማይ አምላክ ምሕረቱን ያውርድልሽ፤ የተሰበረውን ይጠግን።

ደብዳቤሽን ዘይቱና ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብሁት። ጨርሼ ቀና ስል ልጅቱ ወንበር አምጥታልኝ ነበር። አለቀስሁ፤ አልደብቅሽም። መጀመሪያ ስለ ወገብሽ አለቀስሁ፣ ቀጥሎ አራት ዓመት እኔን ፈርተሽ ስለ መኖርሽ። እኔ ምን አስፈሪ ነገር አለኝ? ወርቅነሽን ብጠይቃት «ሥራ ሥራ ስትል ትኖራለህ፣ ምን ታድርግ!» ብላ እኔኑ ተቆጣችኝ። እሷ አንቺን ስታስብ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም።

ሆኖም ልቅሶ ነገር አያቃናም፣ ወረቀት ግን ያቃናል። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አንብቤ ችግርሽ የቱ ላይ እንዳለ አየሁት። እዚያ አገር የሚያውቅሽ ሰው የለም። ዋስ የለሽም። ክራንችሽን ያየ ሁሉ ምስኪን ናት ብሎ ይንቅሻል። ስለዚህ ምንም ሳልነግርሽ ሥራዬን ሠራሁ። የማኅበሩን ሰብሳቢ ክንዴን ይዤ ዘይቱና ዘንድ ሄድሁና እኔ እየተናገርሁ እሷ እየተየበች የድጋፍ ደብዳቤ አወጣን። በኋላ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ክንዴ ፈረመ፤ ፈረስ ያለበትን ክብ ማኅተም አሳረፈበት። የአማርኛውን ቃል በቃል ልገልብጥልሽ፦

«ጉዳዩ፦ የድጋፍ ደብዳቤ ስለመስጠት
ወይዘሮ ማናለብሽ ከልጅነቷ ጀምሮ በፈረስ አያያዝ የተመሰገነች፣ በጠባይዋ የታረመች፣ ጤንነቷ የተሟላ፣ ጉልበቷ የጠና፣ ከጎሕ እስከ ምሽት ብትሠራ ድካም የማያውቃት መሆኗን ማኅበራችን ያረጋግጣል። ስለሆነም አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላት በአክብሮት እንጠይቃለን።»

አምሯል? እኔ በሕይወቴ ካረቀቅሁት ሁሉ የሚበልጥ ነው። ስለ ሕመምሽ አንድም ቃል እንዳይገባ ተጠንቅቄአለሁ፤ በድጋፍ ደብዳቤ ላይ ሕመም አይጻፍም።

ደብዳቤ ያለ ግልባጭ ደግሞ እርቃኑን ነው። ዋናው ለበረቱ ባለቤት ለወይዘሮ ኢንግሪድ ነው። ግልባጩን ለድጎማ ሰጪው መሥሪያ ቤት አደረግሁት፤ እነሱም ምን ዓይነት ሰው እየረዱ እንደሆነ ይወቁ ብዬ ነው። ዘይቱና በፎቶ እንላከው ብላኝ ነበር። ማኅተም በስልክ አይሄድም አልኋትና ሁለቱንም በየአድራሻቸው በፖስታ ቤት በፈጣን መልእክት ላክሁ። ትናንት ወጥቷል።

እንግዲህ አትፍሪ። ከኋላሽ ሰው አለሽ።

አጎትሽ
አየነው


በርገን፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣

ሰላምታዬን አጭር ስላደረግሁ ይቅር ይበሉኝ።

አጎቴ ምን አደረጉኝ! ግልባጩን ለማን ላኩት? የምበላው እኮ ሐኪም ሙሉ ሥራ መሥራት አትችልም ብሎ ስለጻፈልኝ ነው። አሁን እዚያው መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ «ጤንነቷ የተሟላ፣ ከጎሕ እስከ ምሽት ድካም የማያውቃት» የሚል፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሊቀመጥ ነው። ያውም እኔ በረት እየሄድሁ እንደሆነ ሳልነግራቸው። ምን ይሉኛል? አታላይ ናት አይሉም?

እኛ አገር ለሥራ ሲባል የሚወራውን አውቀዋለሁ፤ የታመመውን ደኅና፣ ደኅናውን ጀግና ማለት ደግነት ነው። እዚህ ግን የተጻፈ ነገር እንደተጻፈ ነው የሚነበበው።

ያንን ያገር ሰው አማከርሁት። «ሌላ ማናለብሽ ናት፣ አላውቃቸውም በይ» አለኝ። እርስዎን አላውቃቸውም ልበል? እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገኝን ሰው?

ወስኛለሁ። ወረቀቱ ሳይደርስ ሥራውን ልተው። ለኢንግሪድ ማክሰኞ እነግራታለሁ። ያኔ ቢጠይቁኝም «የትም አልሠራም» ብል ውሸት አይሆንም። ባዝራዋን ስሰናበታት እንዳላለቅስ ብቻ ነው የምለምነው።

እርስዎን አልተቆጣሁም። ተቆጥቻለሁ። ግን ለምን እንዳደረጉት ገብቶኛል።

ማናለብሽ


እንጅባራ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ፣

አንቺን በደኅና ያቆይልኝ፤ ለእኔም ልቡና ይስጠኝ።

ዘይቱና ደብዳቤሽን ቤት ድረስ በባጃጅ ይዛልኝ መጣች። አንብባው ኖሮ ፊቷ ዐመድ መስሎ ነበር፤ «ጋሼ፣ የተየብሁት እኔ ነኝ» እያለች። በዚያው ባጃጅ ፖስታ ቤት በረርን። አዲስ አበባ ገብቶ ከዚያም አልፏል አሉኝ። ሰዎቹ ፊት ቆሜ «መልሱልኝ» አልሁ፣ እንደ ሕፃን።

ቤት ገብቼ ብዕር አነሣሁ። «የቀድሞውን ደብዳቤ ስለመሻር» የሚል ልጽፍ ነበር፤ እሱንም በማኅተም፣ እሱንም በግልባጭ። ወርቅነሽ ብዕሩን ከእጄ ቀማችኝ። «ልጅቱን ለማዳን ሌላ ወረቀት አትላክባት» አለችኝ። አርባ ዓመት አብሬያት ስኖር ስትቀማኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ስለዚህ እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ሳይሆን እንደ አጎት ልጻፍልሽ። አንቺ እውነቱን ስለነገርሽኝ እኔም ልንገርሽ። ጉልበቴ «ትንሽ ተሰምቶኝ» አይደለም። ሁለት ዓመት ፈረስ ላይ አልወጣሁም። ኮርቻው ላይ ካስቀመጡኝ እጋልባለሁ፤ መውጣቱ ነው ያቃተኝ። ክንዴ «ሁለት ሰው ያንሣህ» ሲለኝ እንደ ጆንያ ተጭኜ ሰው ፊት አልወጣም አልሁት። ጥር 23 በመጣ ቁጥር «ዳማው አመመው» እያልሁ እቀራለሁ። ዳማው ምን ያመዋል፣ እያየኝ ይበላል። ግላስ ስለምንሽም ይህንኑ ልሸፍን ነው።

እንግዲህ ስሚኝ። ሥራውን አትተዪ። እኔ ሁሉን ትቼ የተቀመጥሁ ሰው ነኝና ልንገርሽ፤ ቀኑ አይመሽም። አንዴ «አልችልም» ያልሽበትን ቦታ ተመልሶ መርገጥ እንደ አዲስ ይከብዳል።

ይልቅ ወረቀቱ በመንገድ ላይ ነው። ዘይቱና ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል ትላለች። አንቺ ከወረቀቱ ቀድመሽ ድረሺ። መሥሪያ ቤቱ ሂጂና ወገብሽንም፣ በረቱንም፣ የሞኝ አጎትሽንም እንዳለ ንገሪያቸው። ሠላሳ ዓመት ባለጉዳይ ሳይ ኖሬአለሁ። ተጠርቶ የመጣ ሰውና ራሱ የመጣ ሰው እኩል አይታዩም። ቢቆጡሽ እኔን አመካኚ፤ ስሜን ከነሙሉ አድራሻዬ ስጫቸው።

ድጎማው ቢቋረጥ ላሟን እሸጣለሁ። አንቺ አትሳቂ፤ ወርቅነሽም ተስማምታለች።

አጎትሽ


በርገን፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴና ለእትዬ ወርቅነሽ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ። ላሟን አትሽጡ!

ኔትወርክ አዘግይቶት ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሰኞ ነው፤ ለኢንግሪድ ልነግራት አንድ ቀን ሲቀረኝ። ማክሰኞ በረት ሄድሁ፣ ባዝራዋን አበጠርሁ፣ ምንም አልተናገርሁም። በሚቀጥለው ሰኞ ክራንቼን ይዤ መሥሪያ ቤቱ ገባሁ። የተቀበለችኝ ሲሊየ የምትባል ከእኔ ታናሽ የምትሆን ሴት ናት። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝና «ወንጀል ሠርቻለሁ መሰለኝ» አልኋት። ብዕሯን አስቀመጠች።

ሁሉን ነገርኋት። በረቱን፣ ሁለቱን ጠዋት፣ ዓርብ ዓርብ ተኝቼ እንደምውል፣ ውሉን ሳልፈርም እንዳስቀመጥሁት። ከዚያ ስለ ወረቀቱ ነገርኋት። «አጎቴ በመንገድ ላይ ያለ ደብዳቤ ልኮላችኋል፤ ፍጹም ጤነኛ ነች ይላል፤ የጻፈው ግን ስለሚወደኝ ነው» አልኋት። እሷ ግን ስለ ወረቀቱ አልጠየቀችም። «በሳምንት ስንት ሰዓት ትችያለሽ?» አለችኝ።

አራት ዓመት ሙሉ የማልችለውን ሲጠይቁኝ ነው የኖርሁት። የምችለውን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እንባዬ መጣ።

ከዚያ አስረዳችኝ። ድጎማ የሚቀበል ሰው እስከ ተወሰነ ድረስ መሥራት ይችላል። አስቀድሞ ነው ማሳወቅ ያለበት። ዓመቱን ሙሉ ይህን ያህል አገኛለሁ ብሎ መገመት፣ ሲለወጥም መንገር ነው። የእኔ ሁለት ጠዋት ከወሰኑ በታች ነው፤ ድጎማዬ አይነካም። ከወሰኑ ካለፍሁም ትንሽ ይቀነሳል እንጂ አይቋረጥም። የምፈራውንም «ሕመምሽ ቢጠናና ብታቆሚስ?» ብላ ራሷ ጠየቀችና ራሷ መለሰችው፤ ድጎማው እንዳለ ይቀጥላል። «ሥራ እየሞከርሽ እንደሆነ ቀደም ብለሽ ብትነግሪን ይሻል ነበር» አለች። የቁጣዋ መጠን ይህችው ናት። አጎቴ፣ ያ ሁሉ ፍርሃት ጥያቄ ባለመጠየቅ ነበር። አፍሽን ዝጊ ያለኝን ሰው እሑድ አግኝቼ አፌን ከፈትሁበት።

ወጥቼ በቀጥታ በረት ሄድሁና ውሉን ፈረምሁ። ኢንግሪድ በደስታ ባርኔጣዋን ወረወረች፤ ፈረሶቹ ደነገጡ።

ትናንት ደግሞ ሲሊየ ደወለች። «የአጎትሽ ደብዳቤ ደርሷል፤ ነይና አንብቢልኝ» አለች። ስገባ ጓደኞቿም መጥተዋል፤ ማኅተሙን እያዟዟሩ ያያሉ። እንግሊዝኛውን አንብበውት «አማርኛውን በድምፅ እንስማው» አሉኝ። እኔም እንደ እርስዎ ጉሮሮዬን ጠራርጌ ከጉዳዩ ጀምሬ እስከ ግልባጩ ድረስ አነበብሁላቸው። ሲሊየ «የቱ ነው እውነቱ?» አለችኝ። «በፈረስ አያያዝ የተመሰገነች የሚለው እውነት ነው። ጤንነቷ የተሟላ የሚለው አጎቴ ነው» አልኋት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «ጤናን የሚመሰክረው ሐኪም ነው፤ እሱ ወረቀት አለን» ብላ ፋይሌን ዘጋች።

ኢንግሪድም የደረሳትን በመስተዋት አስገብታ ልጓም ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ሰቅላዋለች። የሚመጣ ሰው ሁሉ የክንዴን ፊርማ ያያል።

አሁን የእርስዎ ተራ ነው። እዚህ በረት ውስጥ ከእንጨት የተሠራ መወጣጫ አለ። ሦስት ሰፋፊ ደረጃ ኖሮት አናቱ ላይ ሰው የሚያቆም ነው። ፈረሱን ጎኑ ያቆሙታል፤ ከዚያ ላይ ኮርቻው ወንበር ላይ እንደ መቀመጥ ነው። እግሩን የሚያመውም የማያመውም በዚያው ነው የሚወጣው። ኢንግሪድ ራሷ፣ ያቺ ጠንካራ ሴት፣ ያለሱ አትወጣም። ሰው ከታች እየተንጠላጠለ ሲወጣ የፈረሱን ወገብ ይጎዳል ይላሉ። ስለዚህ ለእርስዎ ሲሉ ባይሆን ለዳማው ሲሉ ያሠሩት። ፎቶውንና ልኩን ለዘይቱና ልኬላታለሁ።

እኔም በሱ ወጣሁ፤ አልነገርሁዎትም። ኢንግሪድ ክራንቼን ተቀበለችኝ። ባዝራዋ ሜዳውን በዝግታ አዞረችኝ። አጎቴ፣ ከፈረስ ላይ ሆኜ አላነከስሁም።

ልጅዎ
ማናለብሽ


እንጅባራ፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማናለብሽ፣

እልል! ሌላ ሰላምታ ዛሬ አልመጣልኝም።

ደብዳቤሽ የደረሰ ዕለት ወርቅነሽ ተጣልታት ለሰነበተችው ጎረቤቷ ጠላ አውጥታ ቀዳች። ዘይቱና ሱቋን ዘግታ እኛው ዘንድ ስትደሰት ዋለች፤ ምሥጢሩን ግን ለማንም አልተነፈሰችም። እኔ ግን የመወጣጫውን ነገር ሰምቼ ሦስት ቀን ኮራሁ። ሰው ምን ይላል ብዬ ነው። በአራተኛው ቀን «ለዳማው ሲሉ» ያልሽው ትዝ አለኝና አናጢው ተሻገር ዘንድ ሄድሁ። ምን ልሥራልህ ሲለኝ «ለፈረሴ ወገብ የሚሆን ደረጃ» አልሁት። እሱም በደንብ አልገባውም፣ ግን ሠራው። ዘይቱና ስልኳን ይዛ ልኩን ቆማ ትለካለች።

ጥር 23 ጠዋት መወጣጫውን በጋሪ አስጭኜ ሜዳው ጥግ አስቀመጥሁት። የላክሽው ጨርቅ ዳማው ላይ አረፈ፤ ወርቃማ ክሩ ዓይን ይወጋል። ፈረሰኛው ከየወረዳው ጎርፎ ገብቷል፤ አቧራው፣ ሆታው፣ ደወሉ። ሰው ሁሉ ያየኛል ብዬ ስፈራ ማንም አላየኝም፤ ሁሉም የራሱን ፈረስ ይጠብቃል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ደረጃ ወጣሁ። እግሬን አሻገርሁ። ዳማው ጆሮውን አቆመና ዞሮ አየኝ። «የት ነበርህ?» ያለኝ መሰለኝ፤ አፈርሁት።

ጉግሡን አልገባሁም። ግልቢያውንም ለጎረምሶች ተውሁላቸው። እኔ በሰልፉ ውስጥ በዝግታ ሜዳውን ዞርሁ፤ የምችለው እሱ ነውና የምችለውን ሠራሁ። ወርቅነሽ ከአጥሩ ሥር እልልታዋን ስትለቀው ስንት ዓመቴ እንደሆነ ረሳሁት።

ምሳ ላይ ዳሱ ሙሉ ሰው ነበር። ክንዴ ብርሌውን ይዞ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እስቲ ማናለብሽ ያ የጻፍንላት ደብዳቤ ምን ፈየደላት?» አለኝ። ትልቅ ሆስፒታል የምልበት ሰዓት ነበር። አላልሁም።

ተነሥቼ ቆምሁ። «ልጄ ወገቧ ተሰብሯል» አልሁ። «በክራንች ነው የምትሄደው። መንግሥታቸው ይደግፋታል። በሳምንት ሁለት ጠዋት በፈረስ በረት ትሠራለች፤ የቀረውን ታርፋለች። እዚያ የሚሄዱ ሕፃናት እሷን ካላዩ ኮርቻ ላይ አይቀመጡም። ድጋፉም ሥራውም የራሷ ነው፣ ከማንም አልሰረቀችም። እኔ ስዋሽ የኖርሁት አፍሬባት አልነበረም፤ አፍሬ የነበረው በራሴ ጉልበት ነው።»

ክንዴ ብርሌውን አስቀመጠ። «ታዲያ ማኅተማችንን ውሸት ላይ አስመታኸኝ?» አለ። ቀጥሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ዳሱ አብሮት ሳቀ። «ፈረስ ያለበት ማኅተም ስለ ፈረስ እንጂ ስለ ወገብ ምን አገባው!» አለና ስምሽን ጠርቶ መረቀሽ፣ ሁሉም አሜን አለ። አሜኑ እስከ ዘንገና ሐይቅ ሳይሰማ አይቀርም።

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ደጄ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሦስቱም ፈረሳቸውን ስበው መጥተዋል። «ያቺ የፈረስ ወገብ ደረጃህ የት ናት?» አሉኝ። አንዱ በክራንች ነው የመጣው።

አጎትሽ፣ ፈረሰኛው
አየነው


በርገን፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ፣ ለፈረሰኛው፣

ደስታዎን ያብዛልዎ፤ እትዬ ወርቅነሽን ከነእልልታዋ ያኑርልን።

ደብዳቤዎን አውቶቡስ ውስጥ አነበብሁትና ሰው ፊት ሳቅሁ፣ ቀጥዬ አለቀስሁ። ለኢንግሪድም ተረጎምሁላት። «አሜን ያለው ስንት ሰው ነበር?» አለችኝ። አላውቅም አልኋት።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ጠዋት አዲስ ሕፃን መጣ፤ ስድስት ዓመቱ ነው፣ እግሮቹ አይታዘዙለትም። ፈረስ ፈርቶ እናቱን አልለቅም አለ። ክራንቼን አየና «አንቺም አትችይም?» አለኝ። «አንዳንዱን አልችልም፤ ይቺን ባዝራ ግን እችላታለሁ» አልሁት። እጁን ይዤ አፍንጫዋን አስነካሁት። ሳይወድ ሳቀ። ሲሄድ ማክሰኞ እኖር እንደሆነ ጠየቀኝ፤ እኖራለሁ አልሁት። እንዲህ ብዬ ለሰው ቃል ከሰጠሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

ስመለስ ፌርማታ ላይ ከአገር የመጣች ትዕግስት የምትባል ልጅ አገኘችኝ። ልብሴ ላይ ጭድ አለ፣ ፈረስ ፈረስ እሸታለሁ። «ከየት ነው?» አለችኝ። «ከሥራ» አልሁ። እሷ ምንም አልመሰላትም፤ ስለ ብርዱ ማውራት ቀጠለች። እኔ ግን እስከ ቤቴ ድረስ ያቺን አንዲት ቃል በሆዴ ስደጋግማት መጣሁ።

አሁን ጫማዬን አውልቄ ተጋድሜ ነው የምጽፍልዎ። ወገቤ ያመኛል፤ ነገ ከአልጋዬ አልወርድም። አራት ዓመት ሙሉ ደክሞኝ ኖሬአለሁ፤ ተኝቼ ስደክም፣ ሳስብ ስደክም፣ ምንም ሳልሠራ ስደክም። የዛሬው ሌላ ነው። አጎቴ፣ ከሥራ ገብቼ ነው የደከመኝ። ነገ ደግሞ እረፍቴ ነው፤ ማንንም ሳልፈራ እተኛለሁ።

ልጅዎ
ማናለብሽ